ዋናው ፈረንጅ

«ፈረንጅ» የሚለው ቃል ዘሩ ፈረንሳይ ነው። ቀልዴን አይደለም። ድሮ ፍራንክ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው። ዓረቦቹ ስሙን በራሳቸው አፍ ጠምዝዘው አቀበሉን፣ እኛም ተቀብለን ጀርመኑንም ስዊድኑንም አሜሪካዊውንም አንድ ላይ ጠቀለልንበት። ስለዚህ እኔ ለማስተርስ ሊዮን ስገባ የሄድኩት ተራ ውጭ አገር አልነበረም። ቅጂውን ሁሉ ዘልዬ ዋናው ፈረንጅ ጋ ነው የሄድኩት።

ስለ ዋናው ፈረንጅ ደግሞ መረጃ አላነሰኝም። ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሲነገረኝ የኖረ ነው። ፈረንጅ ሰዓት ያከብራል። ፈረንጅ በየሰበቡ ሥራ አይዘጋም። ፈረንጅ ቢሮ ገብተህ «ነገ ተመለስ» አትባልም። አባቴ አምሽቼ በገባሁ ቁጥር የሚያነሳው ይሄንን ፈረንጅ ነበር። «ፈረንጅ ቢሆን እኮ...» ብሎ ይጀምርና እንቅልፌ እስኪመጣ አያቆምም። ይሄን ፈረንጅ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ሁሌ አንደኛ እንደሚወጣ የጎረቤት ልጅ፣ ስጠላው ነው ያደግኩት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሄድኩበት ሁሉ ፈልጌዋለሁ። የለም።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ድሬ የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በፈረንጆቹ 1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማም አይኖርም ነበር። አያቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። («ነበሩ» በል የምትሉኝ ካላችሁ፣ ድሬ ነን፣ አንቱታ ላይ ብዙም አንበረታም።) የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር አያቴ የሚቆጣው በፈረንሳይኛ ነው፤ ስለዚህ እኔ ቋንቋውን የጀመርኩት ከስድቡ ነው። በዚያ ላይ አማርኛችን ራሱ ሳናውቀው ግማሽ መንገድ ወስዶናል። ቢሮ፣ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ አሳንሰር፣ አባዦር፣ ቡታጋዝ፣ ዶሴ፣ ሁሉም የእነሱ ነው። ለገሃር እንኳ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። እና ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወርድ ልቤ ሙሉ ነበር። የሚገርመው የሊዮን ሜትሮ ዲ መስመር ሹፌር የለውም፤ ራሱን ችሎ ነው የሚሄደው። አያቴ ቢያይ በፈረንሳይኛ ይሰድበው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ስለማመደው ያደርኩትን ዓረፍተ ነገር ከነ «እባክዎ»ው አስተካክዬ ለቀቅኩት። አንድ ባጌት እባክዎ። ሴትየዋ ዝም ብላ አየችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። አሁንም አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሕፃን ፊደል እንደምታስቆጥር አስተማሪ፣ «ቦን፣ ዡር» አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገባኝ። ቦንዡር ሰላምታ ብቻ አይደለም፣ ኬላ ላይ የሚከፈል ቀረጥ ነው። ሳትከፍል አታልፍም።

ምኑ እንዳንገበገበኝ ታውቃላችሁ? ሰላም አይልም የተባልኩት እኔ ነኝ! እናትህ እንዴት ናት፣ አባትህስ፣ ጤናው፣ ሥራው፣ ሙቀቱስ እንዴት አደረጋችሁ እየተባባልን ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ የምንቆም ሰዎች ልጅ! በእልህ ለሁሉም ቦንዡር ማለት ጀመርኩ። ለአውቶቡስ ሹፌሩ፣ አሳንሰር ውስጥ ላገኘሁት፣ ውሻ ይዞ ለቆመው። ይሄም ጥፋት ሆኖ ተገኘ። አንድን ሰው በቀን ሁለቴ ቦንዡር ካልከው ጠዋት ያገኘኸውን ረስተኸዋል ማለት ነው፣ ይቀየማል። ለሁለተኛው ጊዜ «ረቦንዡር» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፣ ድጋሚ ቦንዡር እንደማለት። ሲመሽ ደግሞ ወደ ቦንስዋር ይቀየራል። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀየር ግን የጠየቅኳቸው አምስት ፈረንሳዮች አምስት የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል።

መሳሳሙ ላይ ግን ሙያ አለኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። ምን ዋጋ አለው። ሊዮን ሁለት ነው፣ ሞንፔሊዬ ሦስት ነው፣ አራት የሚሳሳሙበትም አገር አለ። በየትኛው ጉንጭ እንደሚጀመርም ከአገር አገር ይለያያል። እኔ በለመድኩት ሦስት አልኩና ትከሻም ጨመርኩበት። ልጅቷ በሁለት ጨርሳ ዞር ብላ ነበር፤ ሦስተኛውን አየሩን ሳምኩት፣ ትከሻዬ አገጯን አገኛት። ይቅርታ የጠየቅኩት እንዳልሳምኳት ይሁን እንደመታኋት አላውቅም።

ይቺው ልጅ ግን ክፉ አይደለችም፣ እራት ጠራችኝ። «ሃያ ሰዓት ላይ» አለች፤ በእኛ ማታ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ወዲያው የአባቴ ፈረንጅ ትዝ አለኝ። አገር የምታዋርድበት ሰዓት ይሄ አይደለም አልኩ ለራሴ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ። ተጋብዤ ጠግቤ ብሄድ ነውር ነው ብዬ ምሳም አልበላሁም። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን በሯ ላይ ቆሜ ስልኬን እያየሁ ሰከንድ ቆጠርኩ። ልክ ሁለት ሲል ደወልኩ።

በሩ ተከፈተ። ፀጉሯ ላይ ፎጣ፣ እጇ ላይ ቢላዋ፣ ከኋላዋ ጓደኛዋ በአንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ ምንጣፍ ይጠርጋል። ሌባ ያየች ነው የመሰለችው። «መጣህ እንዴ?» አለች። አዎ፣ ሁለት ሰዓት ነው አልኳት። «አዎ» አለች፣ «ሁለት ሰዓት ነው»፣ እንደ መርዶ። ከዚያ ብርቱካኑን አየችው። «ማን ታመመ?» አላለችም እንጂ ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሌሎቹ እንግዶች ከሁለት ከሩብ ጀምሮ ተንጠባጠቡ። አንዱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው የገባው፣ ማንም ምንም አላለውም፣ ወይን ይዟል። በኋላ ሲያስረዱኝ ነገሩ ስም አለው፤ «የጨዋነት ሩብ ሰዓት» ይባላል። ሰው ቤት ስትጠራ ሩብ ሰዓት ዘግየት ብለህ ትሄዳለህ፣ ባለቤቶቹ እፎይ ይበሉ ብለህ። አቦ! ይሄንኑ አይደል እንዴ እኛ ስናደርገው የኖርነው? እኛ «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን ራሳችንን እንሰድብበታለን፣ እነሱ ጨዋነት ብለው አቆላመጡት። ችግራችን መዘግየት አልነበረም፣ ስም አወጣጥ ነው።

እራቱም ቢሆን ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ «አፔሮ» አለ። ኦቾሎኒ፣ የወይራ ፍሬ፣ ጥቂት ቺፕስ፣ መጠጥና ወሬ። በጣም ብዙ ወሬ። ፈረንጅ ወሬ አይወድም ያለው ማን ነበር? ከጠዋት ጀምሮ ያልበላሁ ሰው ነኝ፣ እራቱ ይሄ ነው ብዬ ኦቾሎኒውን በጭብጥ ጨረስኩት። ዋናው ምግብ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ዳቦውን ያለ ሳህን ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ እንዲሁ ጣል አደረጉት። እኛ ቤት ዳቦ መሬት ሲወድቅ አንስተን ስመን ነው የምናስቀምጠው፣ ጨርቁ ላይ ሳየው እጄ ሊስመው ተነስቶ በግድ ነው የመለስኩት። ለዳቦ ግን ክብር የላቸውም እንዳልል፣ «ትራዲሲዮን» ለሚባለው ዓይነት የ1993 የመንግሥት ድንጋጌ አለው፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ እርሾ፣ አበቃ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ገደማም ባጌት ዩኔስኮ ዘንድ ተመዘገበ። ያን ሰሞን ዳቦ ሻጯ ቦንዡሬን ሳይቀር በፈገግታ ነው የተቀበለችው።

ምግብ ቤት የሄድን ዕለት ደግሞ ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ነኝ! በእናትህ! ሙት!» ብዬ ከወንበሬ ተነስቼ አስተናጋጁን አንገቱን ስይዝ፣ ማንም አልታገለኝም። ይሄን ጉዳይ ባላነሳው ይሻለኛል። የወሩ ገንዘቤ ነበር።

አሁን ወደ ቢሮው እንምጣ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፣ ገና ጉዳይ አለኝ።

ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ «ዶሲዬ» አለችኝ። ዶሴ! እንባዬ ሊመጣ ነው። ከዚያች አገር ከሰማሁት ቃል ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የገባኝ ይሄ ነበር። አያቴ ወረቀቱን ሁሉ ያስቀምጥ የነበረው በዶሴ ነው። እኔ ቃሉን ብቻ ነበር የተዋስነው የመሰለኝ፣ ለካስ ሙሉውን አሠራር ነው። ቤት ለመከራየት የባንክ ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ባንኩ የቤት አድራሻ አምጣ አለኝ። የቤት አድራሻ የሚረጋገጠው በመብራት ክፍያ ወረቀት ነው። መብራት የሚገባልህ ቤት ሲኖርህ ነው። በዚያ ላይ ዋስ ጥራ አሉኝ። ዋስ! የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚያገኝ፣ ፈረንሳይ የሚኖር ዋስ። ድሬ ቢሆን ሦስት ዋስ ከከዚራ ሰፈር በአስር ደቂቃ እጠራ ነበር። መጨረሻ ላይ ቪዛል የሚባል ለወጣት ተከራይ በነጻ ዋስ የሚሆን አሠራር እንዳለ ነገሩኝ። እሱም ዶሴ ይፈልጋል።

ከሁሉም የገረመኝ የልደት ወረቀቴ ነው። ያቺ መስኮት ገልብጣ አየችውና «አሮጌ ነው፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ አምጣ» አለችኝ። እንዴ፣ እኔ እኮ የተወለድኩት ያኔ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልተወለድኩም! በኋላ ነው የገባኝ። እነሱ ጋ የልደት መዝገብ ሕያው ነገር ነው፤ ስታገባ ጠርዙ ላይ ይጻፋል፣ ስትፈታ ይጻፋል፣ ስለዚህ አዲስ ቅጂ የሚጠየቀው ምን ደርሶብህ ይሆን ተብሎ ነው። የእኔ የልደት ወረቀት ግን ቀበሌ ከወጣ ወዲህ ስለ እኔ ምንም የሰማው ነገር የለም። ይሄንን በፈረንሳይኛ ላስረዳት ስሞክር ሰዓቱ ስድስት ሞላ። መስኮቱ ተዘጋ። ከስድስት እስከ ስምንት ምሳ ነው።

ስሜን በተመለከተ ደግሞ ተስፋ ቆርጫለሁ። የቤተሰብ ስም ሲሉኝ የአባቴን ሰጠኋቸው፣ ሌላ ምን ልስጥ። በምኒልክ ዘመን እኛ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» እያልን ነበር የምንጠራው፣ ከእነሱው «መስዩ» ወስደን። አሁን ተራው ደርሶ አባቴን ሙሴ አድርገውታል። ፖስታው በእሱ ስም ይመጣል፣ አስተማሪዎቹ በእሱ ስም ይጠሩኛል። አባቴ ድሬ ተቀምጦ ሊዮን ውስጥ የባንክ ሒሳብ፣ የሜትሮ ካርድና የማስተርስ ውጤት አለው።

ምሳውን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ፈረንጅ ቁርጥራጭ ሳንድዊች በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይተይባል ነበር የተባልኩት። ፈረንሳይ ውስጥ አሠሪ ሠራተኛው እዚያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ምሳ እንዲበላ መፍቀድ አይችልም፣ የሠራተኛ ሕጉ ላይ የተጻፈ ነው። ለኮቪድ ጊዜ ለቀቅ አድርገውት ነበር። ተማሪ እንኳ በርካሽ መጀመሪያ፣ ዋናና ማጣጣሚያ ደርድሮ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። እኔ እውነቱን ለመናገር ቤቴ ነው የመሰለኝ። ድሬም ፀሐዩ ሲከር ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ይፈልጋል፣ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እነሱ ያለ ፀሐይ ማድረጋቸው ነው።

በየሰበቡ ሥራ መዝጋትስ? ሃይማኖትና መንግሥት በ1905 በሕግ ተለያይተዋል፣ በዚህ ቀልድ የለም። በዓላቱን ግን ማንም አልለቀቀም። ዕርገት ዝግ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የእነሱ ፍልሰታ ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ የክፍሌ ልጅ የዕርገትን ቀን ከቄስ በላይ አስልቶ ያውቃል፤ ምክንያቱም ዕርገት ሁሌ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ከተዘጋ ደግሞ ዓርብ ብቻዋን ምን ትሠራለች ብለው እሷንም ያያይዟታል። «ድልድይ መሥራት» ይሉታል። እናቴ ሚካኤል ነው፣ ገብርኤል ነው እያለች ልብስ አላጥብም ስትል «ኋላ ቀርነት» እያለ ይጨቀጭቃት የነበረው አባቴ ይሄን ቢሰማ ምን ይል ይሆን። ድልድይ ነው የምትሠራው፣ አባዬ!

አድማውን ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላኝ ነው ያየሁት። በ2023 መጀመሪያ፣ የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ይውጣ ሲባል። የፈተና ጠዋት ነው፣ ከሩቅ ከበሮና ጩኸት ሰማሁ። እኔ ያደግኩበት ደመ ነፍስ አንድ ነገር ነው የሚያውቀው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ መሮጥ። ሮጥኩ። ጥግ ላይ የክፍሌን ልጅ አገኘኋት፣ አያቷን ደግፋ ወደ ጩኸቱ እየሄደች ነው። አሮጊቷ ኮፍያቸው ላይ ባጅ ለጥፈዋል። «የት ትሮጣለህ? ሰልፉ በዚህ ነው» አሉኝ። ፈተናውስ? አስተማሪውም እዚያው ነው። ሄድኩ፣ ምን ላድርግ። መኪና ላይ ሙዚቃ አለ፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ሰው ከነልጁ ነው። ቋሊማውን እየበላሁ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ግን ከአሮጊቷ ኋላ እደበቅ ነበር።

ቤት የምንጋራው ልጅ የቡርጎኝ ሰው ነው። አገሩ ኤፗስ የሚባል አይብ አለው። አይብ ስል ነጩን፣ የዋሁን፣ ከጎመን ጋር የሚበላውን የእኛን አይብ እንዳታስቡ። ይሄኛው ፍሪጅ ሲከፈት አንድ ሰው ጫማውን ያወለቀ ነው የሚመስለው። እኔ አልተናገርኩም፣ ሰው ከነባህሉ ነው ብዬ። አንድ ቅዳሜ እዚያው የገዛሁትን ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሬ አስቀመጥኩ። ማታ በሬን አንኳኳ። በጣም ትሁት ሆኖ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፍሪጁ ውስጥ የሆነ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም፣ የእኔ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ይሄን ያለኝ ያ አይብ በአፉ እያለ ነው። ሁለቱን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ተራ በተራ አሸተትን፣ ተያየን። አሁን በየራሳቸው ዕቃ ታሽገው በተለያየ መደርደሪያ ይኖራሉ። በሰላም ነው የሚኖሩት።

ውጤት ሲመጣ ደግሞ እናቴ ጋ ደወልኩ። 14 አገኘሁ አልኳት። «ከስንት?» ከሃያ። ዝም። «ልጄ፣ ታመህ ነበር እንዴ?» እንዴት ብዬ ላስረዳት? እዚህ አገር 12 ደህና ነው፣ 14 ጎበዝ ነው፣ 16 በጣም ጎበዝ ነው፣ ሃያን ለእግዜር ነው የምንሰጠው እያሉ ይቀልዳሉ። አስተማሪው ወረቀቴ ላይ «ፓ ማል» ብሎ ጽፏል፣ መጥፎ አይደለም ማለት ነው። ልጆቹ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። እሱ ሰው ከዚያ በላይ ምርቃት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ይሄንንም ለእናቴ ነገርኳት፣ «አይከፋም ብሎኛል» አልኳት። «አይከፋም?» አለች። «ምን አጥፍተህ ነው?» ለጎረቤት 18 ብላ እንደምታወራ አልጠራጠርም።

ባለፈው እሁድ ለአባቴ በእሱ ሰዓት ልክ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብዬው ነበር። ወንዙ ዳር አፔሮ ላይ ነበርን፣ ወንበሮቹ እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል፣ አላፊ አግዳሚውን እያማን ነው። ስልኬን ሳይ ሁለት ከሩብ ሆኗል። ተነስቼ ደወልኩ። ገና ሄሎ ሳልል ድምፁ መጣ።

«ሁለት ከሩብ! ፈረንጅ አገር ተቀምጠህም የሐበሻ ቀጠሮ አልለቀቀህም?» አለ። «ፈረንጅ ቢሆን እኮ...»

የወይራ ፍሬዬን እየበላሁ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።